አንድ ገጽ ስለ እሳት

ማርሳቢት፣ ጁላይ 3 ቀን 1989

ለጋቶኒ ንዲራንጉ
ናይሮቢ

«አባዬ፣ ደብዳቤዎችህ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታሉ። ሰው ለልጁ ሲጽፍ ‹እንደምን ነሽ› ብሎ ይጀምራል፤ አንተ ‹የእሳት ማጥፊያው የት ነው ያለው› ብለህ ትጀምራለህ። ከእንግዲህ ስለ እሳት የጻፍክልኝን አልከፍትም፤ እንደታሸገ ከመቀመጫዬ ሥር አስቀምጠዋለሁ።»

ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ያ የቱሪስት ካሚዮንሽ የሚሄደው በናፍጣ ስለሆነ ስለ እሱ የተጻፈ ደብዳቤ ቤንዚን ሊሸት አይችልም። ሁለተኛ፣ ከመቀመጫ ሥር ወረቀት አይቀመጥም። ወረቀት ይነድዳል። ይህንንም ጽፌልሽ ነበር፤ ለካ ሳትከፍቺው ቀርተሻል።

እንደምን ነሽ? ይኸው ጠየቅኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በኦገስት መጀመሪያ ቱሪስቶችሽን ጭነሽ በማራላል በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደምትወርጂ፣ ከዚያም የጨልቢን በረሃ አቋርጠሽ ወደዚህ ወደ ማርሳቢት እንደምትወጪ ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ከአንቺ አይደለም፤ ከጉዮ ሃላኬ ነው። ደብዳቤዎቻችንን ከፍየሎቹ ጋር ጭኖ ስለሚያመላልስ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቅሻል። የአንድ ልጄን ወሬ ከፍየል ጫኝ መስማት ደርሶብኛል። ይሁን።

በመንገድ ሥራው ጋራዥ ደመወዝ እየተቀበልኩ ለሾፌሮች የማስተምረውን ለአንቺ በነፃ ስጽፍልሽ ትሰለቺያለሽ። ብትሰለቺም ስሚ። ማጥፊያው አሁንም ከመቀመጫሽ ኋላ ባለው ሣጥን ተቆልፎበት ነው ያለው? አውቃለሁ፣ እንዳይሰረቅ ነው። የናይሮቢ ሰው ማጥፊያውን ከሌባ ጠብቆ መኪናውን ለእሳት ይሰጣል። እሳት ቁልፍ እስኪፈለግ አይጠብቅም። አውጪውና በሩ አጠገብ፣ ከውጭ ቆመሽ እጅሽ በሚደርስበት ቦታ እሰሪው። ሰዎቹን ከናይሮቢ ሳትወጪ አንድ ጊዜ በጩኸት አስወርጃቸው። ቢስቁ ይሳቁ። በኋላ በር ብቻ ሳይሆን በካሚዮኑ ጎን፣ በሸራው ሥር ሾልከው መውረድን ይልመዱ። ፓስፖርታቸውና የአንድ ቀን ውሃ በአንድ ቦርሳ ከበሩ ሥር ይቀመጥ፤ ቦርሳውን የሚይዘውም ሰው ከወዲሁ ይታወቅ። የማብሰያው ጋዝ ከምድጃው ብቻ ሳይሆን ከሲሊንደሩ ይዘጋ።

እሳት ቢነሳ ሞተር አጥፊ፣ ሰው አውርጂ፣ ከነፋሱ ወገን ቆመሽ ማጥፊያውን ባዶ አድርጊው። ከጠፋ ጠፋ። ካልጠፋ ጀርባሽን ሰጥተሽው ሂጂ። ብረት ይገዛል። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህችን ቃል ያዢ፦ ብረት ይገዛል።

ማጥፊያው ከሣጥኑ መውጣቱን፣ ሰዎቹ የሚለማመዱ መሆኑን፣ እዚህ የምትደርሺበትን ቀን ጨምረሽ እስከ ጁላይ 20 በጽሑፍ አሳውቂኝ። በሰው አፍ የተላከ መልስ አልቀበልም።

አባትሽ
ኢንጂነር ንዲራንጉ ካሪዩኪ


ናይሮቢ፣ ጁላይ 14 ቀን 1989

ልጄ ንዲራንጉ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የማርሳቢት ጭጋግ ሳንባህን አልበላውም?

እንዲህ ነው ደብዳቤ የሚጀመረው። የእናትህን ስም አውጥተህልኛል፣ ስለዚህ በእኛ በኪኩዩዎች ወግ እናትህ ነኝ። በደህናው ቀን «እማዬ» ትለኛለህ፤ ስታኮርፍ ብቻ ነው እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ «ለጋቶኒ ንዲራንጉ» ብለህ የምትልክልኝ። እናትህ ስትናገር አርፈህ ስማ።

ደብዳቤህን ከፍቼዋለሁ። አልከፍትም ብዬ ነበር፤ ግን ፖስታው ወፍራም ስለነበር ምናልባት ዘንድሮ ስለ ሌላ ነገር ጽፎ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። አልጻፍክም።

ማጥፊያው ከሣጥኑ ወጥቷል፣ በሩ አጠገብ ታስሯል። አብሳያችን ኤካል አይቶት «ይሄ ቀይ ጠርሙስ ደግሞ ምን ይሠራል እዚህ?» አለኝ። «አባቴ ነው» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲገባም ሲወጣም «ደህና አደሩ ኢንጂነር» እያለ ሰላም ይለዋል። ኤካልን ታውቀዋለህ፤ ቱርካና ነው፣ ለማንም የማይሰግድ። ለአንተ ግን ባርኔጣውን ያነሳል።

ቱሪስቶቹንም አስወርዳቸዋለሁ። አለቃዬ «እንግዶቻችንን ልታስደነግጪብን ነው?» ብሎ ተቆጥቶኛል። «ከእንግዶቹ መደንገጥና የአባቴን ደብዳቤ ከማንበብ የቱን ትመርጣለህ?» ብዬ የመጨረሻውን ደብዳቤህን ሰጠሁት። አንብቦ «አስወርጃቸው» አለኝ።

አሁን እንዋዋል። ስለ እሳት በየደብዳቤው አንድ ገጽ ፈቅጄልሃለሁ። ሁለተኛው ገጽ ግን ስለ ሌላ ነገር ይሁን። ስለ ምንም ይሁን፣ ስለ ጎመንም ቢሆን። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ተራራ ላይ ብቻህን ምን እንደምትበላ፣ ከማን ጋር እንደምትስቅ አላውቅም። የማውቀው ጋራዡ ውስጥ የት የት ማጥፊያ እንደተሰቀለ ነው።

ኦገስት 9 እደርሳለሁ፣ ከነሰዎቼ። ከጨልቢ ላይ ተራራህ ይታያል አይደል? አሳያቸዋለሁ። «ያ ላይ አባቴ አለ» እላቸዋለሁ። አንድ ትኩስ ነገር አብስልልን። በቆሎና ባቄላ ብቻ እንዳይሆን፣ ልጄ።

እናትህ
ጋቶኒ

ይህን ሳልነግርህ፦ በልጅነቴ ላንድሮቨሩ ላይ ታደርገው እንደነበረው የውሃ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከመኪናው ሆድ ሥር ሰቅዬዋለሁ። ውሃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ! ኤካል «የኢንጂነሩ ፍሪጅ» ብሎታል።


ማርሳቢት፣ ጁላይ 25 ቀን 1989

እማዬ፣

ውልሽን ተቀብያለሁ። ገጽ አንድ።

የማጥፊያው ጠቋሚ ቀስት አረንጓዴው ላይ መሆኑን በየማለዳው እዪ። ኤካል ሰላም ማለቱ አይበቃም፤ ሰላም ሲል ቀስቱንም ይይ። ጨልቢ ላይ አሸዋው ከለሰለሰ ሞተሩን አታስጨንቂ፤ ቆም እያልሽ አብርጂው። ስለ ጆንያው ደግ አድርገሻል፤ የሰቀልሽበትን ሽቦ ግን ዝም ብለሽ አትቋጥሪው። በምስማር ጠምዝዢና ጫፉን ወደ ውስጥ እጠፊው። እንደዚያ ከታሰረ መንገዱ ሁሉ ቢያናውጠው አይፈታም።

የጉዮ መኪና ማጥፊያ የለውም። ሁልጊዜ እነግረዋለሁ። «ኢንጂነር፣ ከላይ የጫንኳቸው ፍየሎች ቀኑን ሙሉ ሲሸኑ ነው የሚውሉት፤ ምን እሳት ይነሳል?» ይለኛል። ስለዚህ በእሱ መኪና አልሳፈርም፤ አንቺም እንዳትሳፈሪ።

ገጽ ሁለት። ስለ ሌላ ነገር።

ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ትናንትም ነበር። ዝሆኖች ገብተው የአዴ ቱሜን ጎመን በሉት። ጎረቤቴን አዴ ቱሜን ታስታውሻታለሽ፣ እንግሊዞችን ሁለት ጊዜ ስትሰድብ የሰማሻት ቦረናዋ። «አንተ የኬንያ ሰው፣ መኪና እንጂ ዝሆን ማቆም አልተማርክም?» አለችኝ። አሁንም ናይሮቢ የወረደ ሁሉ «ኬንያ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው እዚህ። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ እኔ ዛሬም ከኬንያ የመጣሁ እንግዳ ነኝ።

አውራ ዶሮ ገዝቻለሁ። ቀይ ነው፣ ጠብ ይወዳል። ስም አልሰጠሁትም፤ የሚበላ ነገር ስም አይሰጠውም። ከጋራዡ ዘበኛ ፍራሽ ተውሼ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፣ ጭጋጉ መልሶ አርጥቦታል። ለሰዎችሽ ድንኳን የሚሆን ቦታ ከቤቱ ኋላ ደልድያለሁ።

ገጹ አልሞላም። ስለ እሳት ቢሆን ሞልቶ ነበር።

ኦገስት 9 ኬላው ጋ እቆማለሁ።

አባትሽ
ንዲራንጉ ካሪዩኪ


ኒየሪ፣ ኦገስት 24 ቀን 1989

አባዬ፣

ይቅርታ። በቀጠሮው አልመጣሁም። መንገድ ለወጥን። መኪናው ትንሽ ችግር ገጥሞት ነበር። ሰዎቹ ሁሉም በሰላም አገራቸው ገብተዋል።

እኔ ኒየሪ አክስቴ ዋንጌቺ ዘንድ ነኝ። ጥቂት ላርፍ ነው። ደህና ነኝ። ዶሮውን ብላው።

ጋቶኒ


ማርሳቢት፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1989

ለጋቶኒ ንዲራንጉ
ኒየሪ

«መኪናው ትንሽ ችግር ገጥሞት ነበር።»

ትንሽ ችግር የሚባል ብልሽት የለም። የዲናሞ ብልሽት አለ፣ የፍሬን አለ፣ የራዲያተር አለ። የሾፌር ስንፍናም አለ። ከእነዚህ የትኛው ነው? ደግሞስ ከሐይቁ ወጥቶ ማርሳቢትን ሳይነካ የሚመለስ መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የመጣሽበት። ችግር የገጠመው መኪና የከበደውን መንገድ ሁለት ጊዜ አይሄድም። እያንዳንዱ ቃልሽ ከሚቀጥለው ጋር ይጣላል።

ኬላው ጋ ቆሜ ነበር። ከረፋድ ጀምሮ። ፖሊሱ «ኢንጂነር፣ ዛሬ ደግሞ የማንን መኪና ልትመረምር ነው?» አለኝ። «የልጄን» አልኩት። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ፖሊሱ ምንም ሳይጠይቀኝ ወንበር አወጣልኝ።

ስለ ጽሕፈትሽም ልናገር። ያ ደብዳቤ በሰው ፊት የሚከፈት አይደለም። ፊደሎችሽ ወደ ግራ ተጋድመዋል፣ መስመሩ ወደ ገደል የሚወርድ ፍየል ይመስላል። ለአባቱ አምስት መስመር ለመጻፍ ጠረጴዛ ፈልጎ የማይቀመጥ ሰው ምን ያህል ንቆት ነው? እንዲህ አድርጌ አይደለም ያሳደግኩሽ። ጉዮንም አሳየሁት፤ «ይህ የተማረ ሰው ጽሕፈት ነው?» አልኩት። ወጥቶ ሄደ።

ሰዉም ዘንድሮ ምን እንደነካው አላውቅም። አዴ ቱሜ በየጠዋቱ ወተት ታመጣልኛለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «ላሚቱ ብዙ ታልባለች» አለችኝ። ላሚቱ መንጠፏን የነገረችኝ ባለፈው ወር ነው። ገበያ ስገባ ሰዎች ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሾፌሮቼ ክፍል ውስጥ ማዛጋት ትተዋል፤ ይህ ከሁሉ ያስጨንቃል።

ሁለተኛ ገጽ የለም። ውሉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ።

ንዲራንጉ ካሪዩኪ


ኒየሪ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1989

ልጄ፣

እናትህ አርጅታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። የአሮጊት ጽሕፈት አይሰደብም፣ ነውር ነው።

የጠየቅከውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አሁን አልመልስም። አክስቴ ዋንጌቺ ታበላኛለች፣ ታስተኛኛለች፣ «ንዲራንጉ አሁንም እንደ መጽሐፍ ነው የሚያወራው?» እያለች ታስቀኛለች። መንዳት ለጊዜው ትቻለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ስለ እሳት ለጊዜው አትጻፍልኝ። ስለሚሸት አይደለም። ዝም ብለህ አትጻፍልኝ።

ኬላው ጋም አትቁም። ብርድ ነው።

ጋቶኒ


ማርሳቢት፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1989

ጋቶኒ፣

ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ፣ እንዴት እንደሰማሁ እጽፍልሻለሁ፤ ሰውዬው በከንቱ እንዳይወቀስ።

ጉዮ ደብዳቤሽን ይዞልኝ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። ከፍቼ ሳነብ ፊቴን ያየኝ ነበር። «አሁንም በዚያው ጽሕፈት ነው የጻፈችው» አልኩና ወረቀቱን ወርወር አደረግኩት። ጉዮ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሻይህን ጨርስ፣ ኢንጂነር።»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ ቅዳ።»

«ጉዮ፣ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ አትምሰል። የልጄ መኪና ምን ሆነ?»

«ተቃጠለ።»

«የት?»

«ጨልቢ ዳር፣ በካርጊ በኩል። ካላቻ ፍየል ላመጣ ስሄድ በአጠገቡ ነው የማልፈው።»

«ከተማው ያውቃል?»

«ግመሎቹ ሳይቀሩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልጅህ ላከችብን። ‹ከእኔ አፍ ይስማ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ› አለች። የሰውን ወሬ ቀምቶ መናገር በእኛ ዘንድ ግመል ከመዝረፍ ይብሳል። አዴ ቱሜ እንኳ፣ ያ ምላሷ፣ ወተት ብቻ ነው ያመጣችልህ። እኔም እስከ መቃብር እይዘው ነበር። ግን ጽሕፈቷን ስትሰድብ ሁለተኛ ጊዜ ሰማሁህ። አንተ ሰውዬ፣ የተቃጠለው ቀኝ እጇ ነው። በግራዋ ነው የምትጽፍልህ።»

የሴፕቴምበር 2 ደብዳቤዬን ግልባጭ አውጥቼ አነበብኩት። ስለ ጽሕፈትሽ የሚለውን አንቀጽ ሰርዤዋለሁ። አንቺ ዘንድ ባለውም ላይ ሰርዢው።

በማግስቱ የጋራዡን መኪና ይዤ ወረድኩ። መኪናሽ ከመንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል። እንጨቱና ሸራው የለም። ነፋሱ በሻንሲው ውስጥ ያፏጫል። እንደማንኛውም ሥራዬ ከፊት ጀምሬ ወደ ኋላ መረመርኩት። ሞተሩ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦም አይደለም። የናፍጣው ቱቦ ኋላ ላይ የነደደ ነው። ከሆዱ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ቧንቧ ጎን፣ አንድ ሽቦ ተንጠልጥሏል። በምስማር ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። እንደዚህ አድርጎ የሚያስር ሰው በዚህ ሰሜን ምድር አንድ ብቻ ነው።

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የእኔን ተራራ ፈለግኩት። ይታያል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ጆንያው ለምን በዚያ በኩል ተሰቀለ? ማን ነገረሽ?

አባትሽ


ኒየሪ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1989

አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ግራ እጅ ግትር ተማሪ ነው። አታርመኝ።

ማንም አልነገረኝም። አይቼህ ነው። ስድስት ዓመቴ ይሆናል፤ አንተ ከላንድሮቨሩ ሥር ተንጋለህ ስትሰቅል እኔ ምስማሩን እይዝልህ ነበር። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር። እናቴ «በቀኝ ብታደርገው ለመቅዳት ይመቸኝ ነበር» ስትልህ «በግራ ነው» አልካት፤ አለቀ። አንተ «ነው» ካልክ ማን ይጠይቅሃል? እኔም በግራ ሰቀልኩ። የላንድሮቨሩ ጭስ ማውጫ በቀኝ እንደነበረ፣ የእኔ መኪና ደግሞ በግራ እንደሆነ ያሰብኩት ሆስፒታል ተኝቼ ነው።

እርጥብ እስከሆነ ድረስ ምንም አላመጣም ነበር። የሐይቁ ውሃ መራራ ነው፤ የያዝነው ጣፋጭ ውሃ ሲያንስብን «ጆንያውን አታርጥቡት፣ ለመጠጥ ይቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። ደረቀ። ጨልቢ ላይ አሸዋው ያዘን፣ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ሲያቃስት ዋለ። አብርጂው ብለኸኝ ነበር። ለመድረስ ቸኮልኩ።

መጀመሪያ ያወቀችው ከኋላ የተቀመጠች የሆላንድ አሮጊት ናት። የጋቢናውን ግድግዳ ደበደበችና «ጋቶኒ፣ እየሄድን ነው እንዴ የምታበስሉት?» አለች። በመስተዋት ሳይ ጭስ ነው። ሞተር አጠፋሁ፣ ጮህኩ። አባዬ፣ ሁሉም ወረዱ። ናይሮቢ ስትለማመድ ከሁሉ በላይ የሳቀችው እሷ አሮጊቷ በሸራው ሥር ቀድማ ሾለከች። ቦርሳው ኤካል ትከሻ ላይ ነበር። ጋዙ ከሲሊንደሩ ተዘግቶ ነበር። ማጥፊያው እጄ ላይ ነበር። ደብዳቤህን ቆመው ያነበቡ ነው የሚመስለው። ከነፋሱ ወገን ሆኜ ባዶ አደረግኩት። እሳቱም ጠፋ።

ከዚያ ጆንያው ውስጡ ፍም ይዞ ኖሮ እንደገና ቦግ አለ። ኤካል «ነይ! ብረት ይገዛል ብሎሻል ኢንጂነሩ!» እያለ ጮኸ። አልሄድኩም።

ተራራህ ይታይ ነበር። ጠዋት አሳይቻቸው «ያ ላይ አባቴ አለ፣ ነገ ዶሮ ያበላናል» ብያቸው ነበር። ጆንያውን ብቻ ገንጥዬ ብጥል እንደርሳለን ብዬ አሰብኩ። እጄን ሰደድኩ። አስተሳሰርህ ግን በእጅ አይፈታም፣ አባዬ። ፒንሳ ይፈልጋል።

ሰሜን ሆር ካለው ሚሲዮን መኪና መጣልን፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወሰዱኝ።

እሳቱን አልነበረም የደበቅኩህ። የደበቅኩህ ግራውን ነው። ይህን ስታውቅ በራስህ ላይ ደብዳቤ መጻፍ ትጀምራለህ፣ እሱን ደግሞ አትጨርሰውም። ለዚህ ነው ለሰዉ ሁሉ አደራ ያልኩት።

ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም ብሏል። ከባድ መኪና ቀርቷል። ማርሳቢት ነይ አትበለኝ። ከፊቴ ተቀምጠህ እጄን እያየህ ዝም ስትል ይታየኛል። እናቴ የሞተች ጊዜ ያልከውን ዝምታ። ያንን ሁለተኛ አልችለውም። ደብዳቤም ለጊዜው ይቅርብን።

ጋቶኒ


ማርሳቢት፣ ኦክቶበር 22 ቀን 1989

እማዬ፣

ገጽ አንድ። ስለ እሳት።

የውሃ ጆንያ የሚሰቀለው ጭስ ማውጫው ካለበት ተቃራኒ ወገን ነው። ግራ አይደለም፣ ቀኝም አይደለም፤ ተቃራኒ ነው። ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ምክንያቱንም ይስጥ።

የቀረው ባዶ ነው። ሆን ብዬ ነው የተውኩት።

ገጽ ሁለት። ስለ ሌላ ነገር።

«ከፊቴ ተቀምጠህ እጄን እያየህ ዝም ስትል ይታየኛል» ብለሻል። የታየሽ ስህተት ነው። ዝም የምል ማን አለሽ? ብረት ይገዛል ብዬ ጽፌልሽ፣ ኤካል ጮኾ ደግሞልሽ፣ ለአንድ አውራ ዶሮ ብለሽ እጅሽን እሳት ውስጥ ከተሻል። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ አስቤያለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስጨርስ አንቺ ስለ ግራው ትነግሪኛለሽ፤ የፈለግሽውን ያህል ጊዜ ውሰጂ። ከዚያ እንበላለን። በራሴ ላይ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ጀምሬ ነበር፤ የሚላክለት ሰው ስለሌለው ተውኩት።

ዶሮውን አልበላሁትም። አንድ ጊዜ ቢላዋ ይዤ ወጥቼ ነበር፣ ዓይን ለዓይን ተያይተን ተመለስኩ። ምሽት ላይ የማወራው ከእሱ ጋር ነው፤ ስለዚህ የሚጠራበት ስም አስፈለገው፣ ኦገስት ብዬዋለሁ። ስም ስለወጣለት እንግዲህ አይበላም። በቆሎና ባቄላ ትበያለሽ።

ፍራሹን ለዘበኛው አልመለስኩም። ጠይቆኛል፣ እንግዳዬ ገና ነው ብዬዋለሁ።

ኬላው ጋ አትቁም ብለሽኛል። ሥራ ስወጣ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ መንገዴ አይደለም፣ ግን አልፋለሁ። ወንበሩ እዚያው ነው፣ ፖሊሱ አላስገባውም። አዴ ቱሜ ወተቱን አቁማለች፤ «አሁን ሰምተሃል፣ ራስህ እለብ» አለችኝ። አንቺ ስትመጪ ለአንቺ እንደምታመጣ ግን ነግራኛለች፣ ለእኔ ጠብታ እንዳትሰጪኝ በሚል ውል።

ሾፌሮቼ አሁን ማዛጋት ጀምረዋል፣ ጤና ነው። የማስተምረው እውነት ቢሆንም ከአፌ ሲወጣ ያረጃል፤ ለእኔ ግልጽ የሆነውን ደግሞ ሳልናገር አልፈዋለሁ። ሁሉም ይጽፋሉ፣ ማንም «ለምን በግራ?» ብሎ አይጠይቀኝም። ክፍሉ ውስጥ እጁን አውጥቶ የሚጠይቅ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። የትኛውን እጅ እንደሚያወጣ ግድ የለኝም። ከፈለግሽ ጓንት አድርጊ። ሲደክምሽ እንደ እናቴ ከኋላ ተቀምጠሽ እርሚኝ።

ከዚህ በላይ ሌላ ነገር መጻፍ አላውቅበትም። ገጹ ግን ሞልቷል፤ ልብ በይ።

ትመጪ እንደሆነ ወይም አትመጪ እንደሆነ በጽሑፍ፣ በግራ እጅሽ፣ እስከ ኖቬምበር 10 መልስ እፈልጋለሁ። አንድ ቃል ይበቃል። ፊደሎቹ የፈለጉበት ወገን ይጋደሙ፣ አነባቸዋለሁ። በሰው አፍ የተላከ አልቀበልም። እስከዚያ ቀን ካልደረሰኝ በማግስቱ ከፍየሎቹ መካከል ተቀምጬ በጉዮ መኪና ኬንያ እወርዳለሁ። የጉዮ መኪና ማጥፊያ እንደሌለው ታውቂያለሽ።

ልጅሽ
ንዲራንጉ